ኢትዮጵያ «ልዩነት የበዛባት አገር» አይደለችም አሉ፤ እስቲ ከድሬ ሆነን እንየው

የቀፊራ መምህር | እሑድ ማታ 2፡40

ያ ጀማዓ፣ እንዴት አመሻችሁ? ሙቀቱስ?

ስለ ዓለም ባንክ አዲሱ የልዩነት መለኪያ ሳነብ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። ጂኒ የሚባል ቁጥር አለ፤ ከ0 እስከ 100 ይሄዳል። ሁሉም ሰው እኩል ቢኖረው 0 ይሆናል። አንድ ሰው ሁሉንም ጠቅልሎ ቢወስድ 100። ባንኩ ጂኒው ከ40 በላይ የሆነውን አገር «ከፍተኛ ልዩነት ያለበት» ብሎ ይመዘግባል፤ የእንዲህ ዓይነት አገሮችን ቁጥር መቀነስም ግብ አድርጎ ይዞታል።

ደቡብ አፍሪካ 63 አካባቢ ናት። ጅቡቲ በ2017 እ.ኤ.አ. ጥናት 41.6። እኛ በ2008 ዓ.ም. የቤተሰብ ፍጆታ ጥናት 35። እንግዲህ ባቡሩ ጅቡቲ ሲገባ ልዩነት የበዛበት አገር ደረሰ ይባላል፤ ድሬ ላይ ሲቆም ግን አይባልም።

ከደህናው ሰፈር ከከዚራ ዛፎች ሥር ተነስቶ የደሃው ሰፈር ገንደቆሬ ድረስ በእግሩ የሄደ ሰው ይሄን ቁጥር እንዴት ያየዋል?

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አይኤምኤፍ (ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት) እና ዓለም ባንክ ስለ ልዩነት በእውነት ምን ያስባሉ? ያሰቡትስ እኛ ጋ ሲደርስ ምን ይሆናል?


የአፈተኢሳ ልጅ | እሑድ ማታ 3፡05

አቦ መምህር! ምን ያስባሉ ይባላል እንዴ? ብድራችን ይመለስ ነው የሚያስቡት።

አይኤምኤፍ ውስጥ ድምፅ በገንዘብ ነው። አሜሪካ ብቻዋን 16.5 በመቶ ገደማ ድምፅ አላት። ትልልቁን ውሳኔ ለማሳለፍ ደግሞ 85 በመቶ ያስፈልጋል። እሷ እምቢ ካለች አለቀ ማለት ነው። የአይኤምኤፍ አለቃ ሁሌ ከአውሮፓ ነው፣ የዓለም ባንኩ ደግሞ አሜሪካ ያጨችው። ከሰሃራ በታች ያለነው አገሮች በአይኤምኤፍ ቦርድ ለዘመናት ሁለት ወንበር ላይ ተጣበን ኖረን፣ ሦስተኛዋ የተጨመረችልን በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። ከ25 ወንበር 3።

በኮሮና ጊዜ፣ በ2021 እ.ኤ.አ.፣ 650 ቢሊዮን ዶላር የሚያህል መጠባበቂያ ለአባላት አከፋፈሉ። ክፍፍሉ በኮታ፣ ማለትም አገሩ በተቋሙ ባለው ድርሻ፣ ስለነበር ለመላው አፍሪካ የደረሰው 33 ቢሊዮን ገደማ ነው። አሁን ስለ እኩልነት የሚያስተምረኝ እሱ ነው?


ዋሪያ | እሑድ ማታ 3፡07

33 ከ650። መምህር የነሱ የራሳቸው ጂኒ ስንት ወጣ?


የቀፊራ መምህር | እሑድ ማታ 3፡50

ሃሃ። የወንበሩ ነገር እውነት ነው፣ ክርክር የለኝም። ግን «ግድ የላቸውም» ካልን ጽሑፋቸውን አላነበብንም ማለት ነው። ትንሽ ታሪኩን ላምጣ።

ለረጅም ጊዜ ሐሳቡ «ኢኮኖሚው ይደግ፣ ልዩነቱ በራሱ ጊዜ ይጠባል» የሚል ነበር። ሳይመን ኩዝኔትስ በ1955 እ.ኤ.አ. አገር ሲያድግ ልዩነት መጀመሪያ ይጨምራል፣ በኋላ ይቀንሳል ብሎ ጻፈ። ሰውየው ሐቀኛ ነበር። ጽሑፌ 5 በመቶ መረጃ፣ 95 በመቶ ግምት ነው ብሎ እዚያው አስፍሯል። ተከታዮቹ ግን ያቺን መስመር ዘለሏት።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መዋቅራዊ ማስተካከያ የሚባል የብድር ቅድመ ሁኔታ መጣ። ድጎማ አንሱ፣ ገንዘባችሁን አርክሱ፣ ፋብሪካ ሽጡ፣ በር ክፈቱ። ማን ተጎዳ የሚለው ጥያቄ የመጣው ዘግይቶ ነው። ዩኒሴፍ በ1987 እ.ኤ.አ. ማስተካከያው ሰብዓዊ ፊት ይኑረው ብሎ ጮኸ፤ የልጆች ጤናና ትምህርት እየተቆረጠ ነው አለ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከ2008 እ.ኤ.አ. የዓለም የፋይናንስ ቀውስ ወዲህ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ኦስትሪ፣ በርግና ጻንጋሪደስ የሚባሉ የአይኤምኤፍ ባለሙያዎች አንድ ጥናት አወጡ። ልዩነት ያነሰባቸው አገሮች ፈጥነው ያድጋሉ፣ ዕድገታቸውም ይቆያል አሉ። በመጠኑ ከሀብታም ወስዶ ለደሃ መስጠትም በአብዛኛው ዕድገትን አይጎዳም። በዓመቱ ሌሎች የተቋሙ ሰዎች ቁጥር ጨመሩበት። የላይኛው 20 በመቶ ሕዝብ የገቢ ድርሻ በ1 ነጥብ ሲጨምር፣ በቀጣዩ 5 ዓመት ዕድገት በ0.08 ነጥብ ይቀንሳል። የታችኛው 20 በመቶ ድርሻ በ1 ነጥብ ሲጨምር ግን ዕድገት በ0.38 ነጥብ ይጨምራል።

ይሄ ከዚያ ሕንፃ ይወጣል ብሎ በ1980ዎቹ ማን ይገምት ነበር? ብሩ ከላይ ወደ ታች ይንጠባጠባል ሲሉ የኖሩት ራሳቸው ናቸው «አልተንጠባጠበም» ያሉት።

ዓለም ባንክም በ2013 እ.ኤ.አ. ከድህነት ቅነሳው ጎን የታችኛውን 40 በመቶ ሕዝብ ገቢ ማሳደግ ግቤ ነው አለ። አሁን ደግሞ ይሄ የ40 መስመር መጣ።


ቆጣሪው | እሑድ ማታ 4፡30

በ35ቷ ላይ ልምጣ። የቤተሰብ ፍጆታ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። የት ሰፈር፣ በየትኛው ዙር አልናገርም።

ሰው ስለ ጂኒ ሲያወራ ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል። ታብሌት ይዘን በር እያንኳኳን ያመጣነው ነው። «ባለፉት 7 ቀናት ስኳር ስንት ኪሎ በላችሁ? ዘይትስ? ከሰልስ?» ይሄ ነው።

ደሃው ሰፈር ገብተህ ማንም ከበር አይመልስህም። ውኃ አምጡለት፣ በጥላው ተቀመጥ፣ ቡና እስኪፈላ ቆይ። እንደውም እርዳታ የመጣ እየመሰላቸው ቁጥሩን ዝቅ ያደርጉብሃል። ትልቁ ግቢ ስትሄድ ዘበኛው በቀዳዳ ያይህና «የሉም» ይላል። ነገም የሉም፣ ከነገ ወዲያም የሉም። ቢከፈትልህም የምታገኘው የቤት ሠራተኛዋን ነው። እሷ ስለ ሽንኩርቱ እንጂ ስለ ሌላው ምን ታውቃለች?

ሌላም ችግር አለ፤ የኛ ጥናት የሚለካው ፍጆታ ነው፣ ገቢ አይደለም። ሀብታም ሰው ያለውን ሁሉ አይበላም። መሬት ይገዛል፣ ፎቅ ይሠራል፣ ዶላር ያስቀምጣል። እነዚህ ፍጆታ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ በፍጆታ የተለካ ጂኒ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ይላል። የላቲን አሜሪካ አገሮች በገቢ ነው የሚለኩት፤ ብራዚል ከ50 በላይ የምትወጣው በከፊል በዚህ ነው። ባንኩ ሁለቱንም በአንዱ 40 መስመር ነው የሚለካቸው። ይሄን ራሳቸውም ያውቁታል፣ ይጽፉታልም። ግን ቁጥሩ ዜና ሲሆን ማስጠንቀቂያው ይቀራል።

የጫት ወጪማ አታንሱብኝ። ድሬ ላይ በሳምንት ለጫት ስንት አወጣህ ብለህ ጠይቀው፣ ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ።


ዋሪያ | እሑድ ማታ 4፡33

«አልቅምም።» ጉንጩ ተወጥሮ።


ደረሰኝ | ሰኞ ጠዋት 1፡15

ጥሩ ክር ነው። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝና ወረቀቱን ልያዝ።

መምህር የጠቀስካቸው ጥናቶች የመጀመሪያ ገጽ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። «ይህ የጸሐፊዎቹ አስተያየት ነው፤ የግድ የተቋሙ አቋም አይደለም» ይላል። እኔ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ያለ ይመስለኛል። አጥኚው ክፍል ይጽፋል። ብድር የሚደራደረው ቡድን ግን ሌላ ወረቀት ይዞ ነው አዲስ አበባ የሚወርደው።

የኛን ተመልከቱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬውን ለገበያ ለቀቀ። በዚያው ቀን የአይኤምኤፍ ቦርድ 3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት ብድር አጸደቀ። ዓለም ባንክ 1.5 ቢሊዮን ጨመረ። ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በመጀመሪያው ቀን 74 ገባ፣ ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። ስምምነቱ ውስጥ ያለው ምንድነው? ምንዛሬ፣ ግብር፣ የነዳጅ ዋጋ፣ መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ መበደሩን ማቆም። ስለ ደሃው ያለው፣ ለሴፍቲኔት (ለደሃ ቤተሰብ ድጋፍ) የሚወጣው ገንዘብ ከዚህ በታች አይውረድ የምትል ወለል ናት። ያቺም «አመላካች» ከሚሉት ተራ ውስጥ ናት። የምንዛሬ ክምችቱ ግብ ካልተሟላ ቦርዱ ራሱ ካልማረህ ክፍያው ይቆማል። አመላካቿ ብትጓደል ግን በቀጥታ የሚቆም ነገር የለም።

ልዩነት በጥናቱ ውስጥ ዋና ርዕስ ነው። በውሉ ውስጥ የግርጌ ማስታወሻ ነው።


የአፈተኢሳ ልጅ | ሰኞ ጠዋት 1፡40

እኔ በአንድ መስመር ያልኩትን በሰላሳ መስመር አላችሁት።


የአወዳይ መንገድ | ሰኞ ቀን 6፡20

እኔ ነጋዴ ነኝ። ሴት ነኝ፣ በዚህ መንገድ ላይ ያደግኩ ነኝ። ሁላችሁም ዶላር ከ57 ወደ 100 ሄደ ትላላችሁ። እስቲ ልጠይቃችሁ። እዚህ ድሬ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ጫማ፣ ስልክ፣ ሽቶ በ57 ሒሳብ የገዛችሁት መቼ ነው? ወላሂ መቼም! ድሬ ዕቃዋን የምትተምነው በጥቁር ገበያው ነው። ሐምሌ ከመግባቱ በፊትም የውጪው ዋጋ የባንኩን እጥፍ ገደማ ነበር።

ታዲያ በ57 ዶላር የሚያገኘው ማን ነበር? ባንክ ውስጥ ሰው ያለው። ኤልሲ (ዕቃ ለማስመጣት ባንክ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) የተከፈተለት። በ57 ወስዶ፣ ዕቃ አስገብቶ፣ በጥቁር ገበያው ሒሳብ ይሸጥልናል። መሃል ያለው ትርፍ የማን ነው? የሱ ነው። ስጦታ በሉት።

አይኤምኤፍም የሚለው ይሄንኑ ነው፣ ፈረንጅ ስለሆነ ውሸት አይሆንም። ሁለት ዋጋ ሲኖር ደሃው በውዱ ይገዛል፣ ዘመድ ያለው በርካሹ።

ጫት ላኪውን ውሰዱ። ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ሶማሌላንድ ይልካል፣ ዶላሩን በባንክ ዋጋ አስረክብ ይባል ነበር። ማን ያስረክባል? ኮንትሮባንዱ የበዛው ለዚህ ነው። ከሐምሌ በኋላ ላኪው ካገኘው ዶላር ግማሹን እንዲይዝ ተፈቀደ፣ ዋጋውም ተቀራረበ። ለገበሬው ስንቱ ደረሰው የሚለው ሌላ ጣጣ ነው። ግን የድሮው ሥርዓት ለደሃ ያዘነ ነበር እንዳትሉኝ።


ሳቢያን ነርስ | ሰኞ ማታ 2፡10

እህቴ ስለ ጫማና ሽቶው ልክ ነሽ። መድኃኒትስ? ዘይትስ? የገበሬው ማዳበሪያስ? እነዚህ በባንኩ ዋጋ የሚገቡ ነበሩ። መንግሥትም ያውቀዋል፤ ለዚህ ነው በነዳጅ፣ በማዳበሪያ፣ በመድኃኒትና በዘይት ላይ ለጊዜው እደጉማለሁ ያለው። ከመድኃኒት ቤት መስኮት ፊት ቆሞ ወረቀቱን አጥፎ የሚመለስ ሰው ሳይ ታይዋን ትዝ አይለኝም።

ስለ ደመወዝም ላውራ፣ ስለሱ ያወራ ሰው የለም። በጥቅምት 2017 የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተሻሻለ። ትንሹ ከ1,100 ብር ወደ 4,760። በጣም ጥሩ፣ ይገባቸዋል። ላይኛው እርከን ላይ ያለው 5 በመቶ ገደማ ነው የተጨመረለት። መሃል ያለነው መሃል ላይ ቀረን። በጂኒ ሒሳብ ይሄ ድል ነው አይደል መምህር? በደመወዝ መዝገቡ ላይ ልዩነቱ ጠበበ። ጽዳቷና እኔ ተቀራረብን። ሁለታችንም ግን ከቤት አከራያችን ራቅን።

በመንግሥት ላልተቀጠረው ደግሞ አገሪቱ ላይ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚባል የለም። ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ ልጅ ምን ይዛ ትደራደር?


የቀፊራ መምህር | ሰኞ ማታ 2፡45

አዎ፣ በቁጥሩ ድል ነው። ጂኒ አንጻራዊ ነገር ብቻ ነው የሚያየው። ሁሉም በእኩል መቶኛ ቢደኸይ አይንቀሳቀስም።

ደግሞ ጂኒ የት እንደምትኖሪ አይጠይቅም። በዚያው የ2008 ጥናት አገሪቱ በራሷ አቆጣጠር 32.8 ስታገኝ፣ ከተማ ብቻውን 38 ነበር፣ ገጠሩ 28። (ዓለም ባንክ ትንሽ በተለየ መንገድ ስለሚያሰላው ነው 35 የሆነው።) ድህነትን ካየሽ ግን ከተማው ይሻላል፤ በከተማ 14.8 በመቶ፣ በገጠር 25.6 በመቶ ሰው ከድህነት መስመር በታች ነበር። ከተማ ደሃው ያነሰበት፣ ልዩነቱ ግን የሰፋበት ቦታ ነው። እኛ የምናየው ይሄን ነው።


ጡረተኛ ከለገሃሬ | ማክሰኞ ጠዋት 12፡50

ልጆች፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሁሉንም አነበብኩት። ጎበዞች ናችሁ። ጥቂት ልጨምር።

እነዚህን ተቋማት ባዕድ አድርጋችሁ አትዩአቸው፣ ከጥንስሱ አብረን ነበርን። በ1944 እ.ኤ.አ. ብሬተን ዉድስ ሲሰበሰቡ ከ44ቱ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ዓለም ባንክ በአፍሪካ መጀመሪያ ያበደረውም ለእኛ ነው፣ በ1950 እ.ኤ.አ.። 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ፣ 2 ሚሊዮን ለልማት ባንክ። በዚያን ጊዜ ስለ ልዩነት የጠየቀ አልነበረም። መንገድ ይሠራ፣ በቃ።

የምንዛሬውንም ነገር እኔ ሁለተኛ ጊዜ ነው የማየው። በ1985 ዓ.ም. ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ዘለለ። ያኔም ማስተካከያ ነበር ስሙ። ያኔም «ለጊዜው ነው» ተባልን።

ግን ሁለቱን ተቋማት አንድ አታድርጓቸው፣ እርስ በርሳቸውም ይጣላሉ። በ1997 እ.ኤ.አ. አይኤምኤፍ ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን ብድር አቋርጦ ነበር። ጠቡ የፋይናንስ ገበያውን ክፈቱ፣ ንግድ ባንክን ከፋፍሉ፣ የእርዳታን ገንዘብ እንደ ገቢ አትቁጠሩ የሚል ነበር። ለአየር መንገዱ አውሮፕላን ከአሜሪካ ባንክ የተበደርነውን ቀድመን ስለከፈልንም ሳታማክሩን ብለው ተቆጡ። ዕዳ ከፍሎ መቆጣት አያችሁ? የዚያን ጊዜ የዓለም ባንክ ዋና ኢኮኖሚስት ጆሴፍ ስቲግሊትዝ ነበር። መጥቶ አይቶ፣ ከመለስ ጋር ተነጋግሮ፣ ተመልሶ ለእኛ ተከራከረ። ገንዘቡም ኋላ ተለቀቀ። መንገድ ተሻግረው የሚተያዩ ናቸው፣ አንዱ ሌላውን ሲከስ እኛ ነን ምስክሩ።


ጁገል ላይ ያለ | ማክሰኞ ቀን 7፡00

ጋሽዬ ዕድሜ ይስጥልን፣ ይጻፉልን እንጂ!

ከሐረር ነው። እናንተ አይኤምኤፍ አይኤምኤፍ ትላላችሁ፤ እኛ ሰፈር የነዚህ ተቋማት ሐሳብ በአካል የሚታየው በሴፍቲኔት ነው። ዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር አድርጎበት የከተማ ሴፍቲኔት ሲጀመር 11 ከተሞች ተመረጡ። ድሬም ሐረርም ገቡ። ጠዋት መንገድ የሚጠርጉት፣ ዛፍ የሚተክሉት እናቶች እነሱ ናቸው። መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ደግሞ ሳይሠሩ ይደጎማሉ።

አመራረጡ በኮሚቴ ነው። የሰፈር ሰው ተሰብስቦ እገሌ ደሃ ነው፣ እገሊት ትብሳለች ይላል። እኔ ይሄን ክፍል እወደዋለሁ። ቆጣሪው እንዳለው በታብሌት ከመጠየቅ ይሻላል፣ ጎረቤት አይዋሽም። ደህና፣ ብዙ አይዋሽም። ችግሩ የቀበሌ መታወቂያ የሌለው ነው። ከገጠር መጥቶ በረንዳ የሚያድር፣ አልጋ ተከራይቶ የሚኖር ሸክም ተሸካሚ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ሌላው፣ ሴፍቲኔት የሚገባውን ሰው ትንሽ ከፍ ያደርጋል እንጂ ላይ ያለውን አይነካም። ለደሃው ትንሽ መስጠት ይመቻቸዋል። ከሀብታሙ መውሰድ ላይ ሲደርስ ጽሑፉ ጠንካራ ነው፣ ሥራው ፈዛዛ። የምር እላችኋለሁ፣ ልዩነትን ሲሉ የታችኛውን ግማሽ ብቻ ነው የሚያዩት።

ውኃን ግን አልክድም። ሐረር በጄሪካን ተሰልፋ የኖረች ከተማ ናት። ከድሬ አካባቢ ከሃሰሊሶ ውኃ የሳበልን ቧንቧ በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ ነው የተሠራው። ውኃ ሲጠፋ ሀብታም ቦቴ ይጠራል፣ ደሃ በጄሪካን ብዙ እጥፍ ይከፍላል። ቧንቧ ከየትኛውም ጥናት በላይ ልዩነት ያጠባል። ሲመጣ ነው ታዲያ።


ዋሪያ | ማክሰኞ ቀን 7፡04

ውኃችንን ወሰዳችሁ እኮ፣ ባይሆን ፉል ጋብዙን።


ደረሰኝ | ማክሰኞ ማታ 1፡30

ጁገል፣ «ላይ ያለውን አይነኩም» ላልከው ሁለት ነገር ልበል።

ነዳጅ። አይኤምኤፍ ድጎማ ይነሳ የሚለው ለክፋት ብቻ አይደለም። በበርካታ ታዳጊ አገሮች ያጠኑት ጥናት፣ ከነዳጅ ድጎማ የላይኛው 20 በመቶ ሕዝብ የሚያገኘው ከታችኛው 20 በመቶ 6 እጥፍ ነው ይላል። ባለ ላንድክሩዘሩ ታንከሩን ሲሞላ የሁላችን ገንዘብ ነው የሚገባለት። ድሬ ላይ ደግሞ የተደጎመው ቤንዚን ድንበር ሲሻገር አይተናል። እኛም ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማውን ቀስ በቀስ አነሳን፣ ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ ለብቻው እንዲቆይ ተደርጎ።

ሁለተኛው የንብረት ግብር ነው። እነዚህ ተቋማት ይሄን ግብር ይወዱታል። ቤት አይደበቅም፣ ብዙ ቤት ያለው ሀብታም ነው። በ2017 አዋጁ ወጣ። ቆጣሪው «ዘበኛው አይከፍትም» ያለውን ግቢ በካርታ ታገኘዋለህ ማለት ነው። ይሄ ላይኛውን መንካት አይደለም?


ሳቢያን ነርስ | ማክሰኞ ማታ 1፡55

ደረሰኝ፣ አንተ ተከራይ አይደለህም መሰለኝ። የንብረት ግብር የሚከፍለው ማነው? አከራዬ? በሚቀጥለው ወር «መንግሥት ጨመረብኝ» ብላ እኔ ላይ ትጨምረዋለች። ቤንዚን ሲጨምርም እንደዚያው፤ ባለ ላንድክሩዘሩ ተበሳጭቶ ይሞላል፣ ባጃጁ ግን ከሳቢያን ከዚራ ታሪፉን ያወጣብኛል። 6 እጥፉ በብር ነው። ከኪሴ ውስጥ ያለውን ድርሻ ቢለኩት የኔ ይበልጣል።


የቀፊራ መምህር | ማክሰኞ ማታ 2፡20

ነርሷ የያዘችው ነጥብ ጠንካራ ነው። አይኤምኤፍ ራሱ ይሄን ያውቃል፤ ለዚህ ነው ድጎማ ሲነሳ መጀመሪያ ለደሃው ማካካሻ ይዘጋጅ የሚለው። ቅደም ተከተሉ ግን ተግባር ላይ ይገለበጣል። ዋጋ በአንድ ሌሊት ማስታወቂያ ይለወጣል። ካሳው መዝገብ፣ ኮሚቴ፣ የባንክ ደብተር ይፈልጋል።

በንብረት ግብሩ ግን ከደረሰኝ ጋር ነኝ። አከራይ ኪራይ የምትጨምረው ግብር ኖረም አልኖረም ገበያው እስከፈቀደላት ነው።


ሳቢያን ነርስ | ማክሰኞ ማታ 2፡22

ገበያው ፈቅዶላታል መምህር። እኔ ነኝ ገበያው።


ጡረተኛ ከለገሃሬ | ማክሰኞ ማታ 3፡00

ልጄ እውነቷን ነው። ዕዳውንም አትርሱ። አይኤምኤፍ በር ላይ የቆምነው እኮ የመክፈል አቅም ሲያጥረን ነው። በታኅሣሥ 2016 የዩሮቦንዱ (አገሪቱ ከውጭ ገበያ በዶላር የተበደረችበት ሰነድ) 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ። አዲሱ ባቡራችንም በአብዛኛው በቻይና ብድር ነው የተሠራው። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ ዕዳው ግን እኛው ጋ ነው። የተበደረው ሌላ፣ የምንዛሬው ዋጋ የሚያንገላታው ሌላ። ይሄን በጂኒ የሚለካው ማነው?


የአወዳይ መንገድ | ማክሰኞ ማታ 3፡25

ጋሼ ባቡሩን ተዉልኝ፣ እኔ ዕቃ አስጭኜበታለሁ፣ ይጠቅማል።

ነርሷ፣ አልተጣላንም። እኔ ድሮ የተሻለ ነበር አትበሉ ነው ያልኩት። አንቺ ደግሞ አሁን ተሻለ አትበሉ ነው ያልሽው።


ሳቢያን ነርስ | ማክሰኞ ማታ 3፡31

እሱማ ተስማምተናል። ደረሰኝ፣ አንድ ነገር ንገረኝ፤ የደመወዝ ግብሩ ተሻሻለ የተባለው ምን ያህል ነው? 9,000 ብር ደመወዝ እንበል፣ የኔን አይደለም።


ደረሰኝ | ማክሰኞ ማታ 3፡48

በድሮው ሠንጠረዥ ከ600 ብር በላይ ሁሉ ግብር ነበረበት። ያ ሠንጠረዥ ከ2008 ጀምሮ አልተነካም። ዋጋው ሲንር ደመወዝ በስሙ ጨመረ፣ ሠንጠረዡ ግን ቆሞ ጠበቀው። በዚህ ምክንያት መካከለኛው ሠራተኛ የሀብታም መደብ ውስጥ ገባ፤ ከ10,900 በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይከፍል ነበር። አይኤምኤፍ ኢትዮጵያ ግብር አነሰባት የሚለው ትክክል ነው፣ ከአገር ምርቱ 10 በመቶ አይሞላም። ግን የተሰበሰበው ከማን ነው? በፔሮል ላይ ካለው፣ መደበቅ ከማይችለው።

አሁን እስከ 2,000 ነጻ ነው፣ 35 በመቶው የሚጀምረው ከ14,000 በላይ ነው። በ9,000 ደመወዝ ላይ ድሮ 1,745 ብር ይቆረጥ ነበር። አሁን 1,400 ነው። ልዩነቱ በወር 345 ብር።


ሳቢያን ነርስ | ማክሰኞ ማታ 3፡50

345? አከራዬ ይሄን ክር እንዳታነብ።


የመድረኩ አስተባባሪ | ማክሰኞ ማታ 4፡10

ስድብ የሌለበት ክር አይቼ ገርሞኛል፣ ቀጥሉበት። የቤት ኪራዩና የንብረት ግብሩ ጉዳይ ስለሰፋ ከነገ ጀምሮ ለብቻው ክር ይከፈትለታል። አከራይ የሆናችሁም ግቡና ተከራከሩ። ቆጣሪው፣ ስለ መረጃ አሰባሰቡ ሁለት ሰዎች በግል ጽፈውልሃል፣ ሳጥንህን እይ።